የሆዴን ለእግዚአብሔር እንዴት ልንገረው? ስለ ዕለት ጸሎት

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ወንድሞችና እህቶች።

ከልጅነቴ ጀምሮ እጸልያለሁ። በቃሌ የያዝኳቸው ጸሎቶች አሉ፣ እወዳቸዋለሁም። ከጊዜ ወደ ጊዜ ግን አንድ ነገር እየከበደኝ መጣ። አፌ ይጸልያል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። "ፈቃድህ ይሁን" እያልኩ ለአለቃዬ ስለምልከው ደብዳቤ አስባለሁ። አሜን ላይ ስደርስ ምን ስል እንደቆየሁ አላውቀውም።

ከጓደኛዬ ጋር ስልክ ከያዝኩ ግን ሰዓቱ አይታወቀኝም። የሆዴን ሁሉ እዘረግፍላታለሁ። እግዚአብሔር ፊት ስቆም ያ ሁሉ ጨዋታ የት እንደሚገባ እንጃ። ትንሽ ብዬ የምለው ይጠፋኛል።

ሰሞኑን ዘጸአት 33 ሳነብ ቁጥር 11 ላይ ቆምኩ። "እግዚአብሔርም ሰው ከባልንጀራው ጋር እንደሚነጋገር ፊት ለፊት ለሙሴ ይናገረው ነበር" ይላል። ሙሴ ነቢይ ነው፣ ይገባኛል። ቢሆንም ቀናሁ። እኔም እንደዚያ ማውራት እፈልጋለሁ።

ልምዱ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ። መጀመሪያ ምን ትላላችሁ? ደግሞስ ለፈጣሪ እንዲህ በተራ ቋንቋ ማውራት ድፍረት አይሆንም ወይ?

የዳዊት ወዳጅ

ማለዳ ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው ውስጡ ይዞት የሚዞረው ጥያቄ ነው።

ስትጸልዪ ልብሽ ወደ ደብዳቤው ከሄደ፣ የዛሬው ጸሎትሽ ደብዳቤው ነው። ልብሽን ለመመለስ ከመታገልሽ በፊት "ጌታ ሆይ፣ ይሄ ደብዳቤ አስጨንቆኛል፣ እንዴት ልጻፈው?" በዪው። አንዳንዶቻችን ለእግዚአብሔር የምንነግረው ለጸሎት ይመጥናል ያልነውን ብቻ ነው። ሰላም እንለምናለን፣ ጤና እንለምናለን። ሌሊት እንቅልፍ የነሳንን ነገር ግን ለራሳችን እናስቀራለን፣ ትንሽ ነገር ስለሚመስለን። ጌታ ራሱ ያስተማረንን ጸሎት ተመልከቺው። ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ፣ ፈቃድህ ይሁን ካልን በኋላ ወዲያው የሚመጣው የዕለት እንጀራ ነው። ስለ ዛሬ ምግብ እንድንለምነው ያዘዘን እሱ ነው። ደብዳቤሽ እንዴት ያንስበታል?

መዝሙረ ዳዊትን ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢው። "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ብሎ የሚጀምር አጭር መዝሙር አለ፣ 12ኛው (በሌላው አቆጣጠር 13ኛው)። እንዲህ የሚል ሰው ቃል እያሳመረ አይደለም። ተጨንቋል፣ ጭንቀቱን እንደመጣለት ተናገረ። ይህን ንግግር ነው ምእመናን እስከ ዛሬ በጸሎት የሚያነቡት።

እኔ ጠዋት የምለው እንዲህ ያለ ነው፦

"ጌታ ሆይ፣ ተነሣሁ። ስለ እንቅልፉ ተመስገን። ጉልበቴን ዛሬም ያመኛል። ከልጄ ጋር ስለ ገንዘብ መነጋገር አለብን፣ እንዳንጣላ እፈራለሁ። ቶሎ ቱግ እንዳልል ያዘኝ። እሱንም አግዘው፣ ጭንቅ ላይ ነው። የቀረውን አንተ ታውቃለህ።"

ከዚያ አባታችን ሆይ እላለሁ። በቃ። ቀኑ እንደየሁኔታው ይቀጥላል፣ ንግግሩም ይቀጥላል።

ጽናት

የጋሼን ሐሳብ በሙሉ እቀበላለሁ። ግን "ድፍረት አይሆንም ወይ?" የሚለው ጥያቄ በቶሎ እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ።

ጌታ ሲያስተምረን "አባታችን" ብለን እንድንጠራው ነው ያደረገን። ልጅ ለአባቱ እንደሚቀርብ እንቀርባለን። ወዲያው ደግሞ "በሰማያት የምትኖር" ይላል። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። ቅርበቱን ብቻ የያዘ ሰው ውሎ አድሮ የሚያወራው ከራሱ ሐሳብ ጋር ይሆናል፤ እግዚአብሔር የሚለው ራሱ የፈለገውን ብቻ ይሆናል። ክብሩን ብቻ የያዘ ደግሞ ማለዳ እንዳለችው አፉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ እህቴ፣ በተራ ቋንቋ ማውራትሽ ድፍረት አይደለም። ማን ፊት እንደቆምሽ ሳታስቢ ማውራት ነው ድፍረቱ፤ ያ ደግሞ በተጻፈ ጸሎትም ይደርሳል።

ሌላም የማልስማማበት ነገር አለ፣ እዚህ ባይነሳም ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። "በከንቱ አትድገሙ" (ማቴ 6፥7) የሚለውን እየጠቀሱ በቃል የተያዘ ጸሎትን ሁሉ የሚያጣጥሉ አሉ። ጌታ እዚያ ላይ የነቀፈው "በመናገራቸው ብዛት እንዲሰሙ ይመስላቸዋል" ያላቸውን ነው። ቃል ሲበዛ አምላክ ይገደዳል የሚለውን አስተሳሰብ ማለት ነው። እሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸልዮአል (ማቴ 26፥44)። በመስቀል ላይም የጸለየው በመዝሙር ቃል ነው። "አምላኬ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?" ከመዝሙር የመጣ ነው። ነፍሱን በአባቱ እጅ አደራ ሲሰጥ የተናገረውም ከመዝሙር የመጣ ነው፤ ሉቃስ 23፥46 ላይ ግን መዝሙሩ ላይ ከሌለ ጥሪ ይጀምራል፦ "አባት ሆይ" ይላል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። በዚያ ሁሉ ስቃይ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ጸሎት ያዘ፣ የራሱን ጥሪ ጨመረበት።

ማለዳ

ጋሼ፣ ደብዳቤው ነው ጸሎትሽ ያሉኝ ቃል ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጽናት፣ አንቺ ያልሽው ደግሞ አሳረፈኝ። በቃሌ የማውቃቸውን ልተዋቸው ነው ወይ ብዬ ፈርቼ ነበር። ታዲያ ሁለቱን እንዴት ነው የምታስኬጂያቸው? የራሴን መቼ ልበል፣ የተጻፈውን መቼ?

ጽናት

ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1535 ለፀጉር አስተካካዩ ለጴጥሮስ የጻፈለት ምክር አለ፤ ጴጥሮስ እንዴት እንደሚጸለይ ጠይቆት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የትኛዋም ብትሆን ምክሩ የሚጠቅም ይመስለኛል። አባታችን ሆይን ልመና በልመና ያዘው ይለዋል፣ እያንዳንዱን በራስህ ቃል አብራራውና ለእግዚአብሔር ንገረው። ናሙና የሚሆኑ ጸሎቶችንም ጻፈለት። ከዚያ ግን እነዚህን እኔ የጻፍኳቸውን ቃላት እንዳለ እንድትደግማቸው አልፈልግም ብሎ አስጠነቀቀው። ልብህ እንዲነቃ ነው የጻፍኩልህ ማለቱ ነው። አንዱ ልመና ላይ ሳለህ መልካም ሐሳብ ከመጣልህ ሌላውን ተወውና ዝም ብለህ አድምጥ፣ መንፈስ ቅዱስ እያስተማረህ ነው አለው።

እኔ የማደርገው ይህንኑ ነው። "በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" ላይ ስደርስ እቆማለሁ። የሰውዬውን ስም እጠራለሁ። አንዳንድ ቀን ከዚያ አላልፍም።

ባለ ሌሊት ፈረቃ

ሰላም። ሥራዬ ነርስነት ነው። የምትሉትን እያነበብኩ ነበር፣ አንድ ነገር ልጨምር።

እንደ እኔ ዓይነት ሥራ ያለው ሰው ረጅም የጸሎት ሰዓት የማያገኝበት ጊዜ አለ። ለዚህ የሚያጽናናኝ ነህምያ ነው። ምዕራፍ 2 ላይ ንጉሡ "ምን ትለምነኛለህ?" ብሎ ጠየቀው። ነህምያ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለይሁ ይላል፣ ቀጥሎ ለንጉሡ መለሰ። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ስንት ሰከንድ ሊኖር ይችላል? ጸሎቱ ግን ተጽፎለታል። ሐዋርያው ጴጥሮስም ሊሰጥም ሲል የጸለየው "ጌታ ሆይ፥ አድነኝ" ብቻ ነው። ከዚህ የሚረዝም ቢሆን ኖሮ ውሃው ይቀድመው ነበር።

ቅዱስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. ከ410ሩ የሮም መዘረፍ በኋላ ወደ ሰሜን አፍሪካ ለተሰደደች ፕሮባ ለምትባል መበለት ስለ ጸሎት ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። በግብጽ ያሉ ወንድሞች ጸሎታቸው በጣም አጭር እንደሆነና ቶሎ ቶሎ እንደሚጸልዩት ሰምተናል ይላታል፤ ንቃታቸው በርዝመቱ እንዳይደክም። የበረሃ አባቶች እንኳ ጊዜ ያላቸው ሰዎች ሆነው አጭሩን መረጡ።

እኔ ወደ ሕመምተኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት እጄን እታጠባለሁ። የእጅ ማጽጃውን እያሸሁ ሳለ "ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው ያንተ ነው፣ እጄን አግዘው" እላለሁ። እጄ እስኪደርቅ ድረስ ያለው ጊዜ ለዚህ ይበቃል። የታማሚውን ስም የማውቀው ከሆነ ስሙን እጠራለሁ። ሌሊቱ ሲያልቅ አንድም ረጅም ጸሎት ሳልጸልይ ብዙ እንደተነጋገርን ይሰማኛል።

የመንታ እናት

ኧረ ተባረክ ወንድሜ! አንዳንዱ ምክር "ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጊ" ብቻ ነው የሚለው። እኔ ቤት ጸጥታ የለም። ሁለቱ ሲተኙ እኔም እተኛለሁ።

ጌታ "ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ" ብሏል፣ አውቃለሁ። ግን ያንን የተናገረው ለታይታ በየአደባባዩ ማዕዘን ቆመው ስለሚጸልዩት ሲናገር ነው፤ ሰው እንዲያይህ ብለህ አትጸልይ ለማለት። እኔን ማንም አያየኝም፣ እጄ ሳሙና ውስጥ ነው።

በ17ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ ሎሬንስ የሚባል የቀርሜሎስ ገዳም ወንድም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1691 ነው ያረፈው። ካህን አልነበረም፣ ለብዙ ዓመት ኩሽና ውስጥ ነው የሠራው። ሰዎች ከየአቅጣጫው እየጠሩት፣ ዕቃው እየተንኳኳ ሳለ፣ ተንበርክኮ በሚጸልይበት ሰዓት ያለውን ያህል ከእግዚአብሔር ጋር እንደሚሆን ይናገር ነበር። ይህን ያወቅኩ ጊዜ አልቅሻለሁ። ለካ እኔ ያለሁበት ቦታም ቦታ ነው።

ለማለዳ የምላት፦ ሰዓት ብታገኚ ያዢው፣ ሀብት ነው። ካላገኘሽ ግን እስክታገኚ ድረስ አትጠብቂ።

አልመልስም ያለኝ

ስሜን እንዲህ ያደረግኩት ከልቤ ነው፣ አትዘኑብኝ።

ሁላችሁም የምትጽፉት መልካም ነው። እኔ ግን ከዚህ ዓይነት ጸሎት ነው የመጣሁት። ለእግዚአብሔር እንደ ወዳጅ ነበር የማወራው። ወንድሜ ታመመ፣ ለመንኩ። ቀንም ሌሊትም ለመንኩ። ሞተ። ከዚያ ወዲህ አፌን ስከፍት የሚወጣ ነገር የለም። ንግግር ከሆነ ሌላኛው ወገን መልስ መስጠት የለበትም ወይ? በቃል የተያዘውን ጸሎት ቢያንስ ማለት እችላለሁ፣ እሱ ከእኔ ምንም አይጠብቅም። የራሴን ቃል ግን አልችልም።

የዳዊት ወዳጅ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። (አንተ ከሆንክም ያጽናህ፣ ከጽሑፉ አላወቅኩም።) ነፍሱን በገነት ያኑርልን።

ለምን እንደሞተ የሚያስረዳ ቃል የለኝም፣ አልፈልግምም። አንድ ነገር ብቻ ላሳይ። ዮሐንስ 11 ላይ አልዓዛር ታሞ እህቶቹ ወደ ጌታ ልከው ነበር። ጌታ ሁለት ቀን ቆየ። ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ማርታ ወጥታ ተቀበለችውና ምን አለችው? "ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር።" ማርያምም ስትመጣ ያንኑ ቃል አለችው። ሁለት እህቶች፣ አንድ ወቀሳ። ምናልባት በእነዚያ አራት ቀናት እርስ በርሳቸው ሲባባሉት የከረሙት ይሆናል።

ጌታ አልተቆጣቸውም። እንዲህ እንዴት ትሉኛላችሁ አላለም። ለማርታ መለሰላት፣ ከማርያም ጋር ደግሞ አለቀሰ። ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ።

ያ ወቀሳ ጸሎት ነው። ማርታ ሌላ ማድረግ ትችል ነበር፣ ቤት ተቀምጣ ማኩረፍ። እሷ ግን ወጥታ እሱ ላይ ነው የተናገረችው። ውስጥህ ያለው እንዲህ ያለ ቃል ከሆነ፣ አሳምረህ ሌላ እስክታገኝ አትጠብቅ፣ እሱን በለው። 87ኛው (88ኛው) መዝሙር ሲጀምር ሌሊትና ቀን ጮኽሁ ይላል፣ ሲጨርስም መጽናኛ የለውም። እንዲሁ በሐዘን ያልቃል። እሱም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ።

ጽናት

ከልቤ አዝኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

የራሴን ቃል አልችልም ብለሃል፣ የተጻፈውን እላለሁ ብለሃል። እሱን ያዘው። እንደ ጉድለት አትቁጠረው። የቤተ ክርስቲያን ጸሎት የተቀመጠው ለዚህ ቀንም ነው፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ ጸልዮት አንተ የምትቀጥለው ነው። ጳውሎስ ሮሜ 8፥26 ላይ እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን አናውቅም ይላል፣ "ነገር ግን መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል"። ሐዋርያው "አናውቅም" ሲል ራሱንም ጨምሮ ነው። አንተ ዝም ያልክባቸው ቀናትም ባዶ አይደሉም ማለት ነው።

የወንድምህን የክርስትና ስም በግል መልእክት ብትልክልኝ በጸሎቴ አስበዋለሁ።

አልመልስም ያለኝ

ወንድ ነኝ ጋሼ። ስሙን ልኬልሻለሁ ጽናት።

የማርታን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ሁልጊዜ የሚሰበከው ስለ ትንሣኤው ነው። ወቀሳ መሆኑን አላየሁትም ነበር። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቃል በቃል ይህንኑ።

ባለ ሌሊት ፈረቃ

ወንድሜ፣ ሥራ ቦታዬ እንዲህ ያለ ሐዘን የሚታይበት ቦታ ነው። ዛሬ ማታ እጄን ስታጠብ አስብሃለሁ።

ዘካርያስ_ነኝ

ለሐዘንተኛው ወንድማችን መጽናናት ይሁን።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስና፣ እሱ ያነሳው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። ንግግር ከሆነ መልሱ በየት በኩል ይመጣል? "እግዚአብሔር እንዲህ አለኝ" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አንዳንዴ ያሉት ነገር የሚያስፈራ ነው። ሌሎች ደግሞ ምንም አልሰማም ብለው ተስፋ ቆርጠው ይተዋሉ። መካከለኛው መንገድ ምንድነው?

የዳዊት ወዳጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የምሄድበትን ልንገርህ።

ወንጌሉን እከፍታለሁ፣ ጥቂት ቁጥር ብቻ አነባለሁ። ጌታ የጠየቀው ጥያቄ ላይ ከደረስኩ እዚያ እቆማለሁ፣ ጥያቄውን ለእኔ እንደጠየቀኝ አድርጌ እመልሳለሁ። ወንጌል ውስጥ ጌታ ብዙ ይጠይቃል። ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን "ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?" ይለዋል (ማር 10፥51)። ዕውር መሆኑን እያየ ነው የሚጠይቀው። በቤተ ሳይዳ 38 ዓመት የታመመውን ሰው "ልትድን ትወዳለህን?" ይለዋል። ሰውዬው አዎ ወይም አይደለም አላለም፣ ወደ መጠመቂያው የሚያኖረኝ ሰው የለኝም ብሎ ብሶቱን ነገረው። ጌታም ሰማው። በማዕበሉ ውስጥ ደቀ መዛሙርቱን "ስለ ምን ትፈራላችሁ?" ይላቸዋል። እስቲ ይህን ጥያቄ በእውነት መልሰው። እኔ የዘረዘርኩ ቀን ብዙ ሰዓት ወስዶብኛል።

ንግግሩን የጀመረው እሱ ነው እንግዲህ፣ እኛ ነን መላሾች። ከዚያ ዝም ማለት ነው። በዝምታው ውስጥ ድምፅ ሰማሁ አልልህም። አንዳንዴ የሆነ ሰው ትዝ ይለኛል፣ ሄጄ ልጠይቀው ይገባል የሚል ነገር። አንዳንዴ ለራሴ የደበቅኩት ቂም ብቅ ይላል። አንዳንዴ ምንም የለም። "እግዚአብሔር እንዲህ አለኝ" ከማለትህ በፊት ግን ከወንጌሉ ጋር አስተያየው፣ ለንስሐ አባትህ ወይም ለምታምነው በሳል ሰው አማክር። ቂም የሚያጠናክር፣ ወይም አንተን ከሌላው ከፍ የሚያደርግ ሐሳብ ከሆነ ከእሱ አይደለም።

ማለዳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ጠዋት የጸለይኩትን ልጻፍላችሁ፣ ጋሼ ስለጻፉ ነው የደፈርኩት፦

"አባት ሆይ፣ ዛሬም ደብዳቤው አለ። አለቃዬ ፊት የምፈራው ለምን እንደሆነ ጠየቅኸኝ መሰለኝ። ሥራዬን እንዳላጣ ነው። ካጣሁት ለእናቴ የምልከው አይኖርም። ለካ የምፈራው ለእሷ ነው። እሷን ደግሞ ከእኔ በፊት አንተ ነህ የያዝካት። እባክህ ቃል ስጠኝ። አለቃዬንም አስባት፣ እሷም የምትፈራው ሰው አለ።"

የመጨረሻውን ላስበው አልጀመርኩም ነበር፣ እያወራሁ መጣ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። የምኖረው ከሰው ጋር ነው። በልቤ ብቻ ስናገር ሐሳቤ ይበተንብኛል፣ ድምፅ ሳወጣ ደግሞ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ትሰማለች። ምን ትላላችሁ?

የመንታ እናት

ሐናን ተመልከቺያት፣ 1ኛ ሳሙኤል 1። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ተቆጣት። እሷም አልሰከርኩም፣ ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ አለችው። ዔሊም በሰላም ሂጂ ብሎ መረቃት።

ከንፈርሽን አንቀሳቅሺ። ሐሳብሽን ይይዝልሻል። ልጅቷ ከጠየቀችሽ ደግሞ እየጸለይኩ ነው በያት፣ ምናልባት እሷም የምታወራበት መንገድ እየፈለገች ይሆናል።

ዘካርያስ_ነኝ

በወረቀት መጻፍም ይሞከር። አንድ ገጽ፣ "ጌታ ሆይ" ብሎ መጀመር። አውግስጢኖስ ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእግዚአብሔር "አንተ" እያለ ነው የጻፈው። ሰው እንዳያየው ከፈለግሽ ቀደሽ ጣዪው፣ የተጻፈለት አንብቦታል።